ጥያቄና መልስ፦ ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ ከርነሉ ለምን «የለም» ይላል?

ጥያቄ

ለዝግጅት ክፍሉ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ሊኑክስ ፍሮም ስክራች የተባለውን መመሪያ ተከትዬ በአሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስን ከምንጭ ኮዱ ጀምሬ ራሴ ገንብቻለሁ። የመመሪያው ዕትም 12.2፣ ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) 6.10.5 ነው። ሲስተሙ በደንብ ይነሳል፤ የጎደለኝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ካርዱ ኢንቴል 8265 ሲሆን፣ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ካለው ኡቡንቱ ጋር ያለምንም እንከን ይሠራል። በእኔ ሲስተም ግን የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲ-ሜሴጅ የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ከ36 እስከ 22 ቁጥር የያዙ የፋይል ስሞች «በስሕተት ቁጥር ኔጌቲቭ 2 አልተጫነም» እየተባለ ይደረደሩና መጨረሻ ላይ ተስማሚ ፈርምዌር አልተገኘም ይለኛል። ከኡቡንቱ የፈርምዌር ፎልደር ባለ 36 ቁጥሩን ፋይል ቀድቼ በራሴ ሲስተም ተመሳሳይ ፎልደር ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ስሙ ዜድኤስቲ በሚል ቅጥያ ያበቃል። ለውጥ ግን የለም። ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት የሚጫን ጊዜያዊ የፋይል ሲስተም) ስላልሠራሁ አንድ ጓደኛዬ «ድራይቨሮቹን ሁሉ ከርነሉ ውስጥ አካትታቸው» ብሎኝ የዋይፋዩንም በኮከብ ምልክት መርጫለሁ። በተጨማሪም ሬጉላቶሪ ዲቢ የሚባል ፋይል የለም ይለኛል። የዲ-ሜሴጁን ሙሉ ቅጂ አያይዤ ልኬያለሁ። 15ቱን ፋይሎች ከየት ላምጣ? ወይስ ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ

ካርድዎ አልተበላሸም። ማስረጃውን ራስዎ ጽፈውልናል፤ በኡቡንቱ ይሠራል፣ በእርስዎም ሲስተም ላይ ድራይቨሩ ካርዱን ለይቶ አውቆ የሚፈልገውን ፋይል በስሙ ጠርቷል። ካርዱ የሞተ ቢሆን ኖሮ እነዚያ መስመሮች ጭራሽ አይታዩም ነበር። 15 ፋይሎችን መፈለግም አያሻዎትም። ቁጥሮቹ ድራይቨሩና ፈርምዌሩ የሚግባቡበትን ዕትም የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ድራይቨሩ ከሚያውቀው ከፍተኛ ቁጥር ይጀምርና ያንን ሲያጣ ወደ 35፣ ከዚያም ወደ 34 እያለ እስከ 22 ይወርዳል። አንዱን ካገኘ እዚያው ያቆማል። ለ8265 የመጨረሻው 36 ስለሆነ የመረጡት ፋይል ትክክለኛው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ድራይቨርና ፈርምዌር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስታወስ ይጠቅማል። ድራይቨሩ የከርነሉ አካል ነው፤ እርስዎም ኮምፓይል አድርገውታል። ፈርምዌሩ ግን በካርዱ ላይ ባለው አነስተኛ ፕሮሰሰር ውስጥ የሚሠራ፣ አምራቹ ያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። ካርዱ ይህን ፕሮግራም በቋሚነት አይዝም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንብቦ ሊሰጠው ይገባል። በከርነሉ የምንጭ ኮድ ውስጥ አይገኝም፤ ሊኑክስ ፈርምዌር በሚባል የተለየ ጥቅል ይሰራጫል። የተከተሉት መመሪያም ይህን ጥቅል ሳይጭን ያበቃል፤ ጉዳዩ የተብራራው ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው ቢዮንድ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች በተባለው መጽሐፍ ነው።

ኔጌቲቭ 2 የሚለው የስሕተት ቁጥር «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ማለት ነው። ቁጥሩ ፋይሉ መታጣቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደታጣ አይነግረንም። የእርስዎን ሁኔታ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከላኩልን ቅጂ እንደተረዳነው አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች በአንድ ቁጥር ተሸፍነው ቀርበዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው አንዱን በትክክል አስተካክሎ መልእክቱ ሳይለወጥ ሲቀር ያደረገው ነገር ስሕተት የሆነ ይመስለውና ያስተካከለውን መልሶ ያፈርሳል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው። የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እዚህ በሚነበቡበት ድምፅ ጽፈናቸዋል፤ ሲተይቡ ግን በላቲን ፊደል መሆኑ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዘበት የጠቀሱት የዜድኤስቲ ቅጥያ ነው። አዳዲሶቹ የኡቡንቱ ዕትሞች የፈርምዌር ፋይሎችን ዜድ-ስታንዳርድ በተባለው ዘዴ ጨምቀው ያስቀምጣሉ። የሊኑክስ ከርነል ኤክስዜድ በተባለው ዘዴ የተጨመቁ ፋይሎችን ከ5.3 ጀምሮ፣ በዜድ-ስታንዳርድ የተጨመቁትን ደግሞ ከ5.19 ጀምሮ ማንበብ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከርነሉ ሲገነባ የሚመለከተው ምርጫ ከተካተተ ብቻ ነው። ካልተካተተ ከርነሉ የሚፈልገው ቅጥያ የሌለውን ስም ነው፤ በአጠገቡ የተቀመጠው ባለ ቅጥያ ፋይል በእሱ ዓይን ሌላ ፋይል ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው የከርነሉ ምርጫዎች በሚስተካከሉበት በሜኑኮንፊግ ውስጥ ዲቫይስ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ጀነሪክ ድራይቨር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ፈርምዌር ሎደር ወደሚለው ገብቶ የተጨመቀ ፈርምዌር ድጋፍን ከነዜድ-ስታንዳርዱ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ፋይሉን ዜድኤስቲዲ በሚለው ትእዛዝ ፈትቶ ማስቀመጥ ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለአንድ ካርድ የሚያስፈልገው አንድ አነስተኛ ፋይል ስለሆነ በመጭመቅ የሚተርፈው ቦታ የሚያጓጓ አይደለም። ቅጥያውን ከስሙ ላይ ቆርጦ መጣል ግን መፍታት አይደለም፤ እንዲህ ካደረጉ ከርነሉ ፋይሉን ያገኘዋል፣ ድራይቨሩ ግን ውስጡን ተመልክቶ አይቀበለውም።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ላንሳ። በዚህ የፈርምዌር ጥቅል ውስጥ ብዙ ስሞች ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክቱ ሲምሊንኮች ናቸው። ከሌላ ሲስተም ሲቀዱ ሊንኩ ብቻ መጥቶ ዋናው ፋይል ሊቀር ይችላል፤ ይህም ያንኑ ኔጌቲቭ 2 ያስከትላል። ኤልኤስ በሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን አውጥተው ፋይሉ እውነተኛ መጠን እንዳለውና ወደሌለ ቦታ እንደማያመለክት ይመልከቱ። ጥቅሉን በሙሉ ከምንጩ የሚያወርዱ ሰዎችም ፋይሎቹን በእጅ ከመቅዳት ይልቅ አብሮ የሚመጣውን የመጫኛ ስክሪፕት ቢጠቀሙ ሊንኮቹን ራሱ ይፈጥርላቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜ ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚቸገረውም በዚህ ነው። በዲ-ሜሴጅ እያንዳንዱ መስመር መግቢያ ላይ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ከርነሉ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለፉትን ሰከንዶች ያሳያል። በላኩልን ቅጂ ላይ ባለ 36 ቁጥሩ ፋይል የታጣው በ1.94ኛው ሰከንድ ነው። ከዚያ ወረድ ብለው ኢኤክስቲ4 የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ የሩት ፓርቲሽኑ (ሲስተሙ የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል) የተከፈተው በ2.61ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው በዚያ ፓርቲሽን ውስጥ ስለሆነ ድራይቨሩ ፈርምዌሩን በጠየቀበት ቅጽበት የፈርምዌር ፎልደር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ድራይቨሩ ሱቁ ሳይከፈት ደርሶ «ዕቃው የለም» ብሎ እንደተመለሰ ገዥ ነው። ይህ የሆነው ድራይቨሩን በኮከብ ስለመረጡት ነው፤ በኮከብ የተመረጠ ድራይቨር የከርነሉ አካል ሆኖ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ሥራውን ይጀምራል።

የጓደኛዎ ምክር ለግማሹ ትክክል ነው። ኢኒትራምኤፍኤስ በሌለበት ሲስተም የዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨርና የኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም የግድ በኮከብ መመረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ከርነሉ ሩት ፓርቲሽኑን መክፈት አይችልም። ፈርምዌር የሚጠይቁ ድራይቨሮች ግን፣ ዋይፋይም ይሁን ብሉቱዝ፣ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው።

ከርነሉን እንደገና ከመገንባትዎ በፊት ግን አንድ ፈተና እንዲያደርጉ እመክራለሁ፤ ሁለቱን ምክንያቶች ይለይልዎታልና። ፋይሉን ፈትተው ካስቀመጡ በኋላ ኮምፒውተሩን ያስነሱ፤ መልእክቱ እንደተለመደው ይመጣል፣ አይደንግጡ። ከዚያ ሩት በሚባለው ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ገብተው፣ ከስሕተቱ መልእክት ፊት የተጻፈውን የካርዱን አድራሻ፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ 0000:01:00.0 የሚለውን፣ ኤኮ በሚለው ትእዛዝ ወደ ባይንድ ፋይል ይጻፉ። ይህ ፋይል የሚገኘው ሲስ በሚለው ፎልደር፣ በባስ፣ በፒሲአይ፣ በድራይቨርስ ውስጥ በድራይቨሩ ስም በተሰየመው ፎልደር ነው። ድራይቨሩ ፈርምዌር ሲያጣ ካርዱን ለቅቆት ስለነበር ይህ ትእዛዝ ካርዱን እንደገና እንዲይዘውና ፋይሉን ዳግም እንዲጠይቅ ያደርገዋል። አሁን ዲስኩ ክፍት ነው። ፈርምዌሩ ከተጫነ ፋይሉ ደህና መሆኑንና የቀረው የጊዜ ጉዳይ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ፤ አሁንም ኔጌቲቭ 2 ካለ ግን ወደ ፋይሉ ስምና ቦታ ይመለሱ።

ለዘለቄታው የሚሻለው ድራይቨሩን ሞጁል፣ ማለትም ከከርነሉ ተነጥሎ ሲፈለግ የሚጫን ክፍል፣ ማድረግ ነው። በሜኑኮንፊግ የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨሩንና በሥሩ ያለውን ኤምቪኤም የተባለ ክፍል ከኮከብ ወደ ኤም (የሞጁል ምልክት) ይለውጡ፤ የጋራ መሠረት የሆኑትን ሲኤፍጂ-80211ንና ማክ-80211ንም እንዲሁ። ከዚያ ሜክ፣ ቀጥሎም ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል። ሞጁል ሲሆን ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ዩዴቭ (ዕቃዎችን ለይቶ ድራይቨራቸውን የሚያስጭነው ፕሮግራም) ይጭነዋል፤ በዚያን ጊዜ ፈርምዌሩ የሚነበብ ይሆናል። እዚህ ላይ አዲሱን የከርነል ምስል ወደ ቡት ፎልደር መቅዳት እንዳይረሳ፤ ሞጁሎቹ ተጭነው አሮጌው ከርነል ከቀረ ድራይቨሩ አሁንም በውስጡ አለና ያው መልእክት ይመጣል። በክረምቱ ዝናብ መብራት ቢጠፋ ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ ሜክ የተለወጠውን ብቻ እንጂ ሁሉንም ከእንደገና አይሠራም፤ መሐል ላይ ቢቋረጥም ያንኑ ትእዛዝ መድገም ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

ድራይቨሩ በኮከብ እንዲቆይ የግድ ከፈለጉ ፈርምዌሩንም ከርነሉ ውስጥ ማካተት ይቻላል። በዚያው ፈርምዌር ሎደር በሚለው ምድብ ሥር የሚካተቱ ፋይሎችን ስም የሚጽፉበት ቦታ አለ። የተጨመቀ ፋይል ግን በዚህ መንገድ አይሠራም፤ የተፈታው መሆን አለበት። ፈርምዌር በተለወጠ ቁጥር ከርነሉን መገንባት ስለሚጠይቅ እኔ አልወደውም።

ሁሉም ከተስተካከለ ዲ-ሜሴጅ ላይ ፈርምዌር 36 መጫኑንና የሥራ ሁነታው ኤምቪኤም መሆኑን የሚገልጽ መስመር ያያሉ። ፈርምዌሩ ተጭኖ የዋይፋዩ ስም በአይፒ ሊንክ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ የኤምቪኤም ሞጁል ቀርቷል ማለት ነው። ስሙ ታይቶ ኔትወርክ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ አርኤፍኪል በሚለው ትእዛዝ መታገዱን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ያለው በይለፍ ቃል ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው የደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት ፕሮግራም ሥራ ነው፤ ፈርምዌርን አይመለከትም።

ሬጉላቶሪ ዲቢ ለእርስዎ ሁኔታ እንቅፋት አልነበረም። ይህ ፋይል በየአገሩ የተፈቀዱትን የሬዲዮ ሞገዶችና የኃይል መጠን የያዘ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ቢጠፋ ከርነሉ ጥንቃቄ የበዛበትን ዓለም አቀፍ ደንብ ይዞ ይቀጥላል። ዋየርለስ ሬግዲቢ ከሚባለው ጥቅል ሁለቱን ፋይሎች፣ ዋናውንና ፊርማውን፣ በዚያው የፈርምዌር ፎልደር ቢያስቀምጡ መልእክቱ ይጠፋል።

በመጨረሻም፣ ኡቡንቱ የሌላቸው የጅማ አንባቢዎቻችን ፋይሉን በሞባይል ዳታ ማውረድ ካስፈለጋቸው ጥቅሉን በሙሉ አያውርዱ፤ በጣም ትልቅ ነው። ከከርነሉ የጊት ማከማቻ ገጽ አንዱን ፋይል ብቻ ነጥሎ ማውረድ ይቻላል። ስልክን በኬብል አገናኝቶ ላፕቶፑን ኢንተርኔት መስጠትም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለዚህ ግን አርኤንዲአይኤስ ወይም ኤንሲኤም የተባለው የዩኤስቢ ኔትወርክ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አስቀድሞ መኖር አለበት።

ጥያቄ

ከጅማ፣ መንደራ ቆጪ። ከእኔና ከወንድሜ ዘንድ ስሙ አንድ የሆነ ቲፒ-ሊንክ 722ኤን የዩኤስቢ ዋይፋይ አለ። የእሱ በገነባሁት ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ የእኔ ግን ፈርምዌር የለም ይላል። ፈርምዌሩን ከእሱ ብቀዳስ?

መልስ

አይጠቅምዎትም። በዚህ ስም የሚሸጠው ዕቃ እንደ ዕትሙ በውስጡ የተለያየ ቺፕ አለው። የመጀመሪያው ዕትም ኤቴሮስ 9271 ሲሆን ቀጣዮቹ 2ኛና 3ኛ ዕትሞች የሪልቴክ 8188 ቺፕ የያዙ ናቸው። ኤልኤስ-ዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ መለያው ውስጥ 9271ን ካዩ የመጀመሪያው፣ 2357 በሚል ከጀመረ ከቀጣዮቹ አንዱ ነው። ለመጀመሪያው ኤችቲሲ-9271 የተባለው ፋይል ያስፈልገዋል፤ ከጥቂቶቹ የምንጭ ኮዳቸው ክፍት ከሆነ ፈርምዌሮች አንዱ መሆኑንም መጥቀስ ይገባል። ለሪልቴኩ ደግሞ በፈርምዌር ፎልደር ውስጥ አርቲኤል-ዋይፋይ በሚባለው ንዑስ ፎልደር የሚቀመጠው የ8188ኢዩ ፋይል ነው፤ ንዑስ ፎልደሩን ትቶ ፋይሉን ብቻ ውጭ ማስቀመጥ አይሠራም። ድራይቨሩ ሞጁል ከሆነ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማስነሳት አያስፈልግም፤ ፋይሉን ካስቀመጡ በኋላ ዩኤስቢውን ነቅለው መልሰው ይሰኩት።