ሰንሰለቱ ዘይት አላነሰውም፤ በዝቶበታል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። የብስክሌትህን ሰንሰለት በየሳምንቱ ዘይት ትቀባለህ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ግን ይጠቁራል፤ ሱሪህን ያበላሻል፤ ማርሽ ስትቀይርም ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ "ወፍራም የሞተር ዘይት ላድርግበት፣ ግራሶ ልለቅልቀው ወይስ ደብሊውዲ-40 ልንፋበት?" ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ለሦስቱም ተከፋፍለው መክረውሃል። እኔ አንዱንም አልመርጥም።

ለዓመታት የራሴንም የጓደኞቼንም ብስክሌት ሳጸዳ ያየሁት ይህንን ነው። ጥቁር ጭቃ ይዞ የሚንኮሻኮሽ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ ዘይት አላነሰውም። ዘይቱ ያለቦታው ተቀምጦበት ነው።

እስቲ ጠጋ ብለህ እየው። በግራና በቀኝ የጎን ላሜራዎች አሉ። እነሱን የሚያያይዝ ፒን አለ። በፒኑ ዙሪያ የምትሽከረከር ትንሽ ሮለር አለች፤ ጥርሱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ላይ የምታርፈው እሷ ናት። ሰንሰለቱ ጥርሱን ሲዞር ይታጠፋል። በታጠፈ ቁጥር ፒኑ ከውስጠኛው ላሜራ ጋር ይፋተጋል፤ ሮለሯም ከውስጥ በኩል ትፋተጋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከውጭ በማይታይ ቦታ ነው። ዘይት የሚፈለገውም እዚያው ነው። ውጪው እንዳይዝግ ስስ ሽፋን ይበቃዋል። ከዚያ የተረፈው ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም። ሁለቱ ተለውሰው የሚፈጥሩት ጥቁር ጭቃ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

አንተ ሳትጠርግ አዲስ ዘይት ስትጨምርበት፣ ላዩ ላይ የነበረውን አሸዋ ወደ ውስጥ እያስገባኸው ነው። የሚሰማህ መንኮሻኮሽም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ግራሶ የኩሽኔታ ነገር ነው። ወፍራም ስለሆነ በላሜራዎቹ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት አልፎ አይገባም። ላዩ ላይ ተለጥፎ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። አዲስ ሰንሰለት ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል፤ እሱን አትጠበው። ውጪውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና ንዳው።

አዲስ የሞተር ዘይት ምንም ከማጣት ይሻላል። ግን ውጪውን አጥብቀህ ካልጠረግከው ያው አሁን ያለህበት ችግር ውስጥ ትመለሳለህ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን በፍጹም አይሆንም። ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት። የምግብ ዘይትም አይሞከር፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ደብሊውዲ-40 ብዙ ሰው የሚጣላበት ጉዳይ ነው። ዋናው ሰማያዊና ቢጫ ጣሳ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲቀመም የታሰበው ውሃ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነበር። ቆሻሻ ያላቅቃል፤ እርጥበት ያስወጣል። የሚተወው ሽፋን ግን ስስ ነው፤ ሰንሰለት ላይ ብዙ አይቆይም። ኩባንያው ራሱ ለብስክሌት ሰንሰለት ሌላ ምርት ለብቻው ይሸጣል። ስለዚህ ለማጽጃ ተጠቀምበት ብልህ አላፍርም፤ ለማለስለሻ ግን አይሆንህም። ደግሞ የዲስክ ፍሬን ካለህ ማንኛውንም ስፕሬይ ሰንሰለት ላይ አትንፋ። የአንድ ጓደኛዬ የኋላ ፍሬን በዚህ ምክንያት መያዝ ትቶ ነበር። ዲስኩን በአልኮል ጠረግነው። የፍሬኑ ሸራ ግን ዘይቱን መጥጦት ስለነበር ከመቀየር ሌላ መላ አልነበረም።

ወደ ጽዳቱ ልምጣ። ሁልጊዜ ማጠብ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ይበቃል። የታችኛውን የሰንሰለት መስመር በደረቅ ጨርቅ ያዝና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር። ጨርቁ ሲጠቁር ገልብጠህ ቀጥል። ይህንን ከረጅም መንገድ በኋላ ባደረግክ ቁጥር ትልቁ እጥበት እየራቀ ይሄዳል። ጣትህን ግን ከጥርሱ አርቅ። በተለይ ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ነጻ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ከሆነ፣ ጎማው እየዞረ ጨርቅ አታስጠጋ። ጣት ይበላል፤ ቀልድ አይደለም።

ያንተ ሰንሰለት አሁን ባለበት ሁኔታ ግን አንድ ጊዜ በደንብ መታጠብ አለበት። መክፈቻ ማያያዣ፣ ኩዊክ ሊንክ የሚባለው፣ ካለው ፈታና አውጣው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ክተተው። ሰንሰለቱን እስኪሸፍነው ነጭ ጋዝ ጨምርና በደንብ ነቅንቀው። የጠቆረውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥና በአዲስ ጋዝ ድገመው። የሚወጣው ፈሳሽ ከገባው ብዙም ካልጠቆረ በቃው። ናፍጣም ይሠራል፤ ግን ቅባቱ ለመልቀቅ ያስቸግራል። ቤንዚን አትጠቀም። ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል። በነጭ ጋዝም ቢሆን አየር ያለበት ቦታ ሁን፤ እሳት አታስጠጋ፤ ጓንት አድርግ። የቆሸሸውን ጋዝ ቱቦ ውስጥ ወይም መሬት ላይ አትድፋው። ክዳኑን ዘግተህ አስቀምጠው። ጭቃው ከታች ሲዘቅጥ ላዩን አጥልለህ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ እጥበት ትጠቀምበታለህ።

ከጋዙ በኋላ ሰንሰለቱን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው። በንጹህ ውሃ አለቅልቀው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ጋዝ ከቀረ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፤ ውሃ ከቀረ ያዝገዋል። ዝገት ለማስለቀቅ ብለህ አሲድነት ያለው ነገር ውስጥ ግን እንዳትዘፈዝፈው። ብረቱ ተሰባሪ ይሆንና ላሜራው ሊሰነጠቅ ይችላል። ኩዊክ ሊንኩን በተመለከተ፣ ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ያንተ እንደዚያ ከሆነ ወይ ሌላ አዘጋጅ፣ ወይ ሰንሰለቱን ሳታወጣ እዚያው በብሩሽ አጽዳው።

ሰንሰለቱን አጽድተህ የቀረውን ብትተወው ድካምህ በነጋታው ውሃ በላው። የኋላ ጎማውን አውጣ። ጥርሶቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትግ። በጥርስና በጥርስ መካከል ደግሞ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ አስገብተህ ወዲያና ወዲህ ሳብ ሳብ አድርግ። ጋዝ የነካውን ብሩሽ ስትጠቀም ፈሳሹ ወደ መሃል እንዳይፈስ ጎማውን አቁመህ ያዝ። ጋዙ ሞዞው (የጎማው መሃል) ውስጥ ከገባ የኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል። በግፊት ውሃ የሚያጥቡትንም የማልወደው ለዚሁ ነው።

ሁሉም የሚረሳቸው ከማርሽ መቀየሪያው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ መዘውሮች ናቸው። ሰው ሰንሰለቱን እንደ መስታወት አብርቶ እነሱን ሳይነካ ሲሄድ አያለሁ። ጥቅጥቅ ያለው ጭቃ የሚጋገረው እነሱ ላይ ነው። በቀጭን እንጨት ወይም በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ጠርዛቸው ላይ ያለውን ፍቀህ አንሳ። ፔዳሉን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ስታዞር ራሱ እየተላጠ ይወድቃል። የፊቱን ትልቅ ጥርስ በጨርቅ ጥረገው፤ እሱ ብዙ አያስቸግርም።

አሁን ዘይቱ። የታችኛው የሰንሰለት መስመር ላይ፣ ወደ ጥርሱ በሚዞረው የውስጥ ጎን በኩል፣ በእያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ ብቻ አድርግ። ከኩዊክ ሊንኩ ብትጀምር አንድ ዙር መጨረስህን ታውቃለህ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በጅረት መልክ ከማፍሰስ ይሻላል። ከዚያ ፔዳሉን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኋላ አዙርና ተወው። ከቻልክ ማታ ቀብተህ ይደር። ጠዋት በንጹህ ጨርቅ አጥብቀህ ጥረገው። "የቀባሁትን ሁሉ ጠረግኩት" የሚል ስሜት ቢመጣብህ አትስጋ፤ ሥራ ያለው ዘይት ውስጥ ገብቷል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ጥቂት ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሱንም ጥረግ።

ዘይቱ የትኛው ይሁን ላልከው፣ የምትነዳበትን መንገድ እይ። አቧራ ለሚበዛበት ደረቅ የሚባለው ዓይነት፣ ሲደርቅ ሰም የሚተወው፣ ይሻላል። ቶሎ ያልቃል፤ ዝናብም ያጥበዋል። ለዝናብና ለጭቃ ወፈር ያለው እርጥብ የሚባለው ይቆያል፤ ግን መጥረጊያ ጨርቅህ እረፍት አይኖረውም። ሁለቱንም ካጣህ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ስለሆነ ውስጥ ይገባል፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ መድገም ይኖርብሃል። ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች ደግሞ የታጠበውን ሰንሰለት በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ይነክሩታል። ንጹህ ሆኖ ይቆያል፤ እጅ አያቆሽሽም። ይህንን ካማረህ ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታስቀምጥ። ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚቀልጥ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ይበቃዋል።

በየሳምንቱ የሚለውን ቀጠሮ ተወው። ሰንሰለቱ ደርቆ መጮህ ሲጀምር ወይም ዝናብ ሲመታው ቀባው። ዝናብ ከመታው በዚያው ቀን አድርቀው፤ ማደር የለበትም።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከተንኮሻኮሸ ሰንሰለቱ አልቆ ይሆናል። በማስመሪያ ለካው። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ክፍተት ቁጠር፤ ከአንድ ፒን እስከሚቀጥለው ፒን ያለው አንድ ክፍተት ነው። አዲስ ሰንሰለት እዚህ ላይ 30.48 ሴንቲ ሜትር ማለትም ልክ 12 ኢንች ነው። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከረዘመ፣ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ከሆነ ቀይረው። ማርሹ ከዚያ ካነሰ ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ እስኪያልፍ መንዳት ትችላለህ። ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን የኋላ ጥርሶቹንም ሳይበላቸው አልቀረም። አዲስ ሰንሰለት ብታስርበት ጥርሱን እየዘለለ ያስቸግርሃል።

አጥበህ ከጨረስክ በኋላ ለካውና ልኩን እዚሁ ጻፍልን። የኋላው ስንት ማርሽ እንዳለውም ጨምርበት።