ጥያቄና መልስ፦ በዋንዛውና በቋጥኙ ላይ ያለው ሞስ

ጥያቄ፦ ጅማ አካባቢ በሚገኘው የቡና ማሳዬ፣ በዋንዛው ግንድና በቋጥኙ ላይ ሲደርቅ ግራጫ የሚሆን፣ ዝናብ ሲያገኝ ወዲያው የሚለመልም ሞስ (አበባ የማያወጣ ትንሽ ተክል) አለ። ምን ዓይነት ነው? ቡናው ላይም ወጥቷልና ልፋቀው?

መልስ፦ ሄድዊጂያሴ የተባለው ትንሽ የሞስ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ስሙን ያገኘው ከሞስ ጥናት ፈር ቀዳጁ ከዮሃን ሄድዊግ (1730–1799) ነው። ቀለሙን ብቻ አይተው ግን አይወስኑ፤ ሲደርቁ የሚያሸበቱ ሞሶች ብዙ ናቸው።

የሚለየው ቅጠሉ ነው። ቁራጩን በውሃ ያርሱትና ከሞሱ ግንድ መሃል አንድ ቅጠል ብቻ በወረንጦ ይንቀሉ። መስታወት ላይ አድርገው ወደ ብርሃን በመያዝ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይመልከቱ። የዚህ ቤተሰብ ቅጠል የመሃል አጥንት፣ ማለትም በቅጠሉ መሃል የሚያልፍ ወፍራም መስመር የለውም። ጫፉ ነጭ ሆኖ አጥንት ካለው ግሪሚያ የተባለውን ሌላ ሞስ ይጠርጥሩ። በሄድዊጂያሴ ቤተሰብ ውስጥ ሄድዊጂያና ብራውኒያ የተባሉ ወገኖች አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብራውኒያ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ቁመቱን ተከትለው የሚወርዱ እጥፋቶች ስላሉት እጥፋቱ አጥንት ይመስላል። ቅጠሉን በሌላ መስታወት ጫን ሲያደርጉት እጥፋቱ ይዘረጋል፣ አጥንት ቢሆን ግን መስመሩ አይጠፋም።

ስፖር (ሞሱ የሚራባበት ብናኝ) የሚይዘው ቋት ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ሄድዊጂያ ላይ ቋቱ ቅጠሎቹ መካከል ተደብቆ ይቀመጣል፤ ብራውኒያ ላይ በቀጭን ዘንግ ከቅጠሎቹ በላይ ይወጣል። በሁለቱም የቋቱ አፍ ጥርስ የለውም። ሄድዊጂያ በብዙ የዓለም ክፍሎች፣ በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው ድንጋይ ላይ ይበቅላል፤ ኖራ ድንጋይ ግን እምብዛም አይስማማውም። ብራውኒያ የአገራችንን ጨምሮ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ደጋዎች ነዋሪ ነው፤ ድንጋይም የዛፍ ቅርፊትም ላይ ይገኛል። ናሙና ሲይዙ በወረቀት ፖስታ ያድርጉት፣ በፌስታል ይሻግታል። ቦታውን፣ ከፍታውንና የበቀለበትን ነገር ፖስታው ላይ ይጻፉ።

ቡናውን በፍጹም አይፋቁት። ሞስ ሥር የለውም፤ የሚይዝበት ክር መሰል ነገር ለመጣበቅ እንጂ ምግብ ለመምጠጥ አይደለም። ውሃውን በቅጠሉ ከዝናብና ከጤዛ ይወስዳል። ጉዳት የሚያመጣው የሚፋቅበት ገጀራ ነው፤ ቅርፊቱ ሲቆስል ቡናን የሚያደርቀው የፉሳሪየም ፈንገስ በቁስሉ ይገባል። ሞሱ ከመጠን በላይ ከወፈረ ማሳው ጥላና እርጥበት በዝቶበታል ማለት ነው፤ የጥላ ዛፎቹን ቅርንጫፍ በመጠኑ ያሳሱ። መቁረጫውን ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት ወይም በአልኮል ያጽዱ።