መልስ፦ ለሰርግ ቪዲዮ የትኛው የትራይፖድ ሄድ?
ወንድሜ፣ ለትራይፖድህ አናት፣ ካሜራው ለሚታሰርበት ክፍል (ሄድ)፣ ቦል ሄድ ልግዛ ወይስ ፍሉይድ ሄድ ላልከው፣ እንጀራህ የሰርግ ቪዲዮ ከሆነ ፍሉይዱን ግዛ። ውስጡ ያለው ቅባት እንቅስቃሴውን ስለሚያለሰልሰው፣ ሙሽሮቹን ስትከተል ምስሉ አይንገጫገጭም። በኳስ ላይ የሚዞረው ቦል ሄድ ለፎቶ ነው የሚመቸው። አንድ ቁልፍ ላላ አድርገህ ወደፈለግክበት ታዞረዋለህ፤ ለቪዲዮ ግን ቶሎ ይንጋደድብሃል።

እኔ አንዴ ደሴን ከላይ ላነሳ ጦሳ ተራራ ወጥቼ በርካሽ ቦል ሄድ ጉድ ሆኛለሁ። አጥብቄ አስሬው እጄን ሳነሳ፣ ረጅሙ ሌንስ ቀስ እያለ አፍንጫውን ይደፋል። ንፋሱም አለ! ቤት ገብቼ ሳየው ግማሹ ፎቶ ብዥ ብሏል።

ካሜራህና ሌንስህ አንድ ላይ 2 ኪሎ ከሆኑ፣ ቢያንስ 4 ኪሎ የሚችል ሄድ ውሰድ። ደግሞ ከመክፈልህ በፊት ሄዱ የሚታሰርበትን የትራይፖድህን ብሎን ውፍረት እይ፤ 3/8 ኢንች ነው ወይስ 1/4? ካልገጠመ መቀየሪያ ቀለበት አብረህ ግዛ።