ክንዳችሁን ስጡ እንጂ እጁን አትጎትቱ

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦

ክፍላችሁ ውስጥ ነጭ በትር የያዘ ማየት የተሳነው ተማሪ ካለ፣ ምን እንደሚያስፈልገው ራሱን ጠይቁት። «ምንም» ካለ አትቀየሙ፤ ነገም ሰላም በሉት።

ልምራህ ስትሉ መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ። ከዚያ በእጃችሁ ጀርባ የእጁን ጀርባ ነካ አድርጉ፤ ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ይይዛችኋል። ግማሽ እርምጃ ቅደሙት። እናንተ ስትወጡና ስትወርዱ በክንዳችሁ በኩል ያውቀዋል። አብዛኛው ሰው ግን ትከሻውን ይዞ ከኋላ ይገፋዋል፤ እንዲያ ሲሆን ክዳን የሌለው ቱቦ ውስጥ የሚገባው ተገፊው ነው፣ ገፊው አይደለም! ደረጃ ጋ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» በሉት። «እዚያ ጋ» ማለት ለእሱ ምንም አይነግረውም። ስትለዩት ደግሞ «ሄድኩ» በሉ፤ ብቻውን ሲያወራ አትተዉት።

ከመንገዱ የሚከብደው ግን ንባቡ ነው። ከመምህር የሚመጣው ሀንድአውት ብዙ ጊዜ በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ፒዲኤፍ ቢባልም ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ፎቶ ላይ ፊደል አያገኝም። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። ዓይን የሚያየው አማርኛ ከሥሩ የላቲን ምልክት ስለሆነ ጆሮ የሚሰማው ዝብርቅርቅ ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ባለው በዩኒኮድ ደግማችሁ ተይቡት። ያኔ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በኢስፒክ ድምፅ ያነበዋል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ቢሆንም ጆሮ ይለምደዋል።

በድምፅ የምትቀዱ ከሆነ እያንዳንዱን ምዕራፍ ለብቻው ቅዱ፣ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ቁጥሩን ጥሩ። ሠንጠረዥ ሲመጣ የዓምዱን ርእስ ከእያንዳንዱ አኃዝ ጋር አብራችሁ አንብቡ፤ አለዚያ ሃያ ቁጥር ተከታትሎ ይፈስሳል። ንባቡ ለፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው ከደረሰ እንዳልደረሰ ቁጠሩት።

ሥራ ስትይዙ አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አስታውሱ፤ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ስክሪን ሪደር ሲጠየቅ «እንተባበረው» የሚል አለቃ ካለ አርሙት።

ፈተና አንባቢና ጸሐፊ ከሆናችሁ ምርጫዎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ አንብቡ። ትክክለኛው ላይ ድምፅ ማንሣት ውለታ ይመስላል፤ ግን የእሱን ውጤት የእናንተ ያደርገዋል። ያለውን ከነስሕተቱ ጻፉ፣ ወረቀቱን ከማስረከባችሁ በፊትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡለት፤ ማረም የሚፈልገው ነገር ካለ እሱ ይነግራችኋል።