ለድንጋዩ ቶሎ ስም አታውጡለት

ልጆቼ፣ ጂኦሎጂስት ሆኜ ለብዙ ዓመት መዶሻ ይዤ ተራራ ለተራራ ዞሬያለሁ። ሙያዬ የጠፋብኝ የመሰለኝ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ለጨረቃ ጉዞ የመስክ አሠራር በሚሞከርበት የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ቆሜ ነበር።

ወፍራም ጓንት አጥልቄያለሁ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ባልደረቦቼ በሬድዮ ይሰሙኛል እንጂ አያዩኝም። አንድ ድንጋይ አነሳሁና «ባዛልት ነው» አልኩ፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማለቴ ነው። «እሺ፣ ምን አይተህ ነው?» ሲሉኝ ጸጥ። ስሙን ነገርኳቸው እንጂ ድንጋዩን አልነገርኳቸውም። እንደገና ጀመርኩ፦ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ጡጫ የሚያህል፣ አንድ ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ቅንጣት ጣል ጣል ያለበት። አሁን ገባቸው። ከዚያ የናሙና ከረጢቷን ልክፈት ብል እምቢ አለች። በባዶ እጄ ዓይኔን ጨፍኜ የምከፍታት ከረጢት!

ስም ለማውጣት መቸኮል የኔ ብቻ ችግር አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. አፖሎ 16 የተባለው የአሜሪካ የጨረቃ ጉዞ ዴካርት በሚባለው የጨረቃ ደጋማ ቦታ ሲያርፍ፣ ብዙ ሳይንቲስቶች የእሳተ ገሞራ ዐለት ይጠብቁ ነበር። ጠፈርተኞቹ ጆን ያንግና ቻርሊ ዱክ ያገኙት ግን በአብዛኛው በግጭት ተሰባብሮ መልሶ የተጣበቀ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ጂኦሎጂስት አልነበሩም። የተጠበቀውን ሳይሆን ያዩትን መናገር የለመዱት እዚሁ ምድር ላይ፣ መስክ ለመስክ ሲንከራተቱ ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ ለዚሁ ልምምድ ሲባል በ1967 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች ሜዳውን በፈንጂ እያፈነዱ የጨረቃን ጉድጓዶች አስመስለው እስከ መሥራት ደርሰዋል።

አሁን ሰው ሊያርፍበት የታሰበው የጨረቃ ደቡብ ዋልታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም፤ ጥላው ይረዝማል። ስለዚህ ልምምዱ ሌሊት ይደረጋል፣ አንድ ኃይለኛ መብራት ከመሬት ዝቅ ተደርጎ ይበራል። በዚያ ብርሃን ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጉድጓድ ገደል ይመስላል። በኮምፒውተር መለማመዱንም አልጠላም፣ ግን እዚያ ድንጋይ አይከብድም፣ ከረጢትም አያስቸግርም። በእርግጥ ምድርም ሁሉን አትሰጥም፤ የጨረቃን አንድ ስድስተኛ ስበት ከየት እናምጣ?

ማታ ሪፖርት ስጽፍ የከረጢቷን ነገር ዘለልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ከረጢት አቃተኝ ብሎ መጻፍ አሳፈረኛ። ከቡድናችን በዕድሜ ትንሿ ልጅ ግን የራሷን ሳትደብቅ ጽፋዋለች፦ «ከረጢቱ 3 ጊዜ ከእጄ ወደቀ።» ለሚቀጥለው ሙከራ የመጣው ከረጢት በጓንት የሚጨበጥ ሰፊ ጆሮ ነበረው።