ከባሕር አረም የተሠራው እንክብል ጡንቻዬን ይመልስልኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 67 ነው። ዓምና ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ ለወራት ተኛሁ። አጥንቱ ገጠመ፣ እግሮቼ ግን እንጨት አከሉ። ከሶፋ የምነሣው በእጄ ተደግፌ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጄ ከባሕር አረም የተሠራ "ፉኮይዳን" የሚባል እንክብል ላከችልኝ፤ ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ይከላከላል አሉ። ልውሰደው? ከድሮም ትንሽ እንቅርት አለብኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ለመነሣት አበቃዎት። እንክብሉን ግን ለጊዜው አይጀምሩት።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ፉኮይዳን ጃፓኖችና ኮሪያውያን ከሚበሉት ቡናማ የባሕር አረም ይወጣል። ሰው አልጋ ላይ ሲቆይ ሰውነቱ ጡንቻውን ከሚገነባው በላይ ያፈርሳል። ፉኮይዳን ይህን ማፍረስ ጋብ ሲያደርግ ታይቷል፤ የታየው ግን በአብዛኛው በአይጦችና በቤተ ሙከራ ሴሎች ላይ ነው። የአይጥ ጭን ስለወፈረ እርስዎ ከሶፋ ብድግ ይላሉ ማለት አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ እንቅርትዎ ነው። የባሕር አረም አዮዲን ያጠራቅማል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ አንዳንዱ አረም በአንድ ግራም ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በእንክብሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ብልቃጡ ላይ ካልተጻፈ ምን እንደሚውጡ አያውቁም። እንቅርት ያለበት ሰው ድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይዱ፣ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ጉዱ ደግሞ ይህ ሕመም ራሱ ጡንቻ ይበላል! ፉኮይዳን ደምም ሊያቀጥን ስለሚችል፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጨርሶ አይንኩት።

ጡንቻ የሚመልሰው ሥራ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ የ90 ዓመት አዛውንቶች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አንሥተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እርስዎ ገና ልጅ ነዎት! የተሰበረውን ዳሌዎን ያከመው ሐኪም ከፈቀደ፣ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስጠጉ። ሰው አጠገብዎ ይቁም። ቀስ ብለው ይነሡ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ዘጭ ማለት የለም፤ ጡንቻው በደንብ የሚሠራው ሲወርዱም ነው። በአምስት ይጀምሩ፣ ሲቀልልዎት ይጨምሩ።

ምግብ ላይ፣ ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎዎ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። 60 ኪሎ ከሆኑ ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። በጾም ሽሮው ወፈር፣ ምስሩ በዛ ይበል፤ እንጀራው ብቻ ሆድ እንዳይሞላ።

የታይሮይድ የደም ምርመራም ያድርጉ። ልጅዎን አይቆጧት። ቀጥላ የምትልከው ካለ ግን ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይሁን።