ውሻና ሕፃን በአንድ ደጃፍ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ተወልጄ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። የምሠራውም እዚያው ገጠር፣ በእንስሳት ጤና ነው። ስለ ቤት ውሻና ስለ ትንንሽ ልጆች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ የቻልኩትን ያህል።

ጥያቄ፦ ውሃ ልቀዳ ስሄድ የ2 ዓመት ልጄን ከውሻችን ጋር ትቼው እሄዳለሁ። ውሻው ከአጠገቡ አይለይም። ችግር አለው?

እህቴ፣ ውሃው ሩቅ እንደሆነ፣ ጀሪካንና ልጅ አንድ ላይ እንደማይታዘሉ አውቃለሁ። ግን ውሻውን ብቻ አምነሽ አትሂጂ። ውሻ የሚጠብቀው ግቢውን ነው። ባዕድ ሲመጣ ይጮሃል፣ ጅብ ሲሸተው ይነሣል። ልጁ ወደ እሳት ሲሄድ ግን ምን ብሎ ይመልሰዋል? ለጎረቤት አደራ በይ። ጎረቤቷ ሥራ ላይ ብትሆን እንኳ ውሻው ሲጮህ ብቅ ብላ ታያለች። እንዲህ ሲሆን ነው ውሻው የሚጠቅምሽ።

ጥያቄ፦ ውሻ ከመንከሱ በፊት ምልክት ያሳያል?

አዎ፣ እኛ ነን የማናየው። ልጅ ሳለሁ መከታ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረን። ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ ትላለች። ጆሮውን ትጎትተዋለች፣ ጀርባው ላይ ትወጣለች፣ ዝም ይላታል። አንድ ቀን አጥንት እየጋጠ ሳለ እጇን ሰደደች። መከታ አልጮኸም፣ ጥርሱንም አላሳየም። መጋጡን አቆመና ሰውነቱ ድርቅ አለ። አፉን ላስ አደረገ። የዓይኑ ነጭ ታየ። እናቴ ሊጥ በነካካው እጇ እህቴን ከኋላ አፈፍ አድርጋ አነሣቻት። ጥርሱ ስንዝር አልቀረውም ነበር።

መከታ ክፉ ውሻ አልነበረም። አጥንቱን ነው የጠበቀው። ስለዚህ ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ቡችሎቿን ስታጠባ ሕፃን አይጠጋ። ውሻው ድርቅ ሲል ካያችሁ አትጩኹ፤ ልጁን ቀስ ብላችሁ አንሡት።

ጥያቄ፦ ኃይለኛ እንዲሆን ቡችላውን ጆሮውን መቁረጥ፣ ቀኑን ሙሉ ማሰር ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ጆሮ መቁረጥ ስቃይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ታስሮ የኖረ ውሻ ደግሞ ሰው መለየት አይለምድም፤ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያገኘው የቤቱን ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት ቡችላችን የልጅ ልጄን ጣቱን ነከሰችው። ቁስሉ ደርቋል። የባህል መድኃኒት አጠጥተነዋል። ይበቃል?

አይበቃም፣ አባቴ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እዚያ ክትባቱ ከሌለ የት እንደሚገኝ ይጠይቁና ወደዚያው ይሂዱ። ቁስሉ መድረቁ አያታልልዎ። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ ሐኪሙ ሳያዝ አያቋርጡት።

ቡችላዋንም አይግደሏት። ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን እስኪሞላት ታስራ ትታይ፤ ጤነኛ መሆኗ ወይም መታመሟ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ለሌሎቻችሁም፦ ልጅ እንደተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ አትቸኩሉ። ልጆቻችሁ ሲነከሱ እንዲነግሯችሁም አድርጉ። ግርፋት ፈርቶ ንክሻውን የደበቀ ሕፃን አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ በግ ስናርድ ሳንባና ጉበቱን ለውሻ እንጥላለን። ልጆቹን የሚጎዳ ነገር አለው?

አለው። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሻው ያንን ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ያፈራል። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ልጁ ውሻውን ዳብሶ፣ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይጎርሳል። ከዚያ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ለዓመታት ሊያድግበት ይችላል። ከረጢት ያለበትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ለውሻው የትል መድኃኒት ከእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ለገና ልጆቼን አያታቸው ጋ ገጠር ልወስዳቸው ነው። ውሻ በጣም ይወዳሉ።

እንኳን ደህና መጣችሁ! የሚያስፈራኝ ይኸው መውደዳቸው ነው። እዚያ ውሻ ማቀፍ ለምደዋል። የአያታቸው ውሻ ግን መታቀፍ አያውቅም፤ ለሱ ልጆቹ እንግዳ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያታቸው ባሉበት ብቻ ይጠጉት። ከመምጣታችሁ በፊትም ስለ መከላከያ ክትባት የልጆቹን ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ መንዝ ነኝ። ልጆቼ በግ ሲጠብቁ ውሻው አብሯቸው ይውላል። ጥሩ ነው?

ጥሩ ነው፣ ወንድሜ። ቀበሮ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ጓሳ አጠገብህ ነውና ውሻውን አስከትበው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ከቤት ውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያልተከተበ ውሻ ለልጆችህም ለእነሱም ስጋት ነው።

ጥያቄ፦ ቡችላ በስንት ወሩ ይከተባል?

3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። የክትባት ዘመቻ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ልጁ ሳይሆን አዋቂ ሰው በገመድ ይዞት ይምጣ።